ልውጣ ወይስ ልጠብቅ? ከአራብሳ ፒያሳ ደርሶ መልስ

ከአራብሳ እስከ ሥላሴ

ይህን ጉዞ ብዬ ስጽፍ የሚስቅብኝ አይጠፋም። ከአራብሳ ኮንዶሚኒየም ፒያሳ ደርሶ መምጣት ምኑ ነው ጉዞ? ይሳቅ። እኔ ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ ያደግኩ የአራዳ ልጅ ነኝ፤ ሰፈሬ ለልማት ፈርሶ ከተማው ጫፍ ከወጣሁ ወዲህ ግን ፒያሳ መሄድ አገር መሻገር ሆኖብኛል። ያን አርብ ደግሞ ይዤው የወጣሁት ጭንቀት ጠላቴን አይያዘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሰናይት ሱዳን ናት፣ ኡምዱርማን። እኔም ድሮ እዚያው ሐጃ ኑራ የሚባሉ ሴት ቤት ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የሐጃን አንድያ ልጅ፣ ሙንዚርን፣ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ተመለስኩና በእኔ ቦታ ሰናይት ገባች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጎረቤት ሁሉ ነቅሎ ሲወጣ ሐጃ “ከቤቴ ንቅንቅ አልልም” አሉ፤ የእኔዋም “አሮጊት ጥዬ የት እሄዳለሁ” አለችና ሁለቱም እዚያው ቀሩ።

ረቡዕ ማታ ደወለች። ሰፈሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ የሳተላይት ኢንተርኔት በደቂቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ፣ የምትደውለው ከዚያ ነው።

“እማዬ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አንድ የጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ድንበሩ በኩል፣ ይወጣል። ሹፌሩ ሁለት ሰው እጭናለሁ ብሏል። ከእሱ በኋላ የሚወጣ የለም። ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሊታረቁ ነው እየተባለ ነው። ሐጃ ‘ልጄ ሰላም ይዞ ይመጣል፣ የትም አልሄድም’ ብለዋል። መንገድ ላይ ከመሞት መጠበቅ አይሻልም? ልውጣ ወይስ ልጠብቅ? አርብ ማታ እደውላለሁ፣ ቁርጡን ንገሪኝ።”

ቁርጡን! እኔ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሱዳንን ጦርነት ቁርጥ ከየት ላምጣው?

ሐሙስ ማታ ዜና ስከፍት መልሱ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ አየሁት። የቀጠናው አገሮች ድርጅት መልእክተኞች ሁለቱን ተፋላሚዎች እዚሁ ከተማችን አምጥተው እያነጋገሩ ነው ይላል ዜናው። ካሜራው የአንደኛውን ወገን ሰዎች ሲያሳይ ሦስተኛው ወንበር ላይ ሙንዚር! ጢም አውጥቷል፣ ከስቷል፤ ግን እሱ ነው። ደስ ሊለኝ ግን አልቻለም። የሐጃን ሰፈር የያዘው እኮ ባላንጣው ወገን ነው። የማን እናት እንደሆኑ አንድ ሰው ቢናገር ሐጃንም ልጄንም የሚያተርፋቸው የለም።

ወዲያው ጋሽ ከድር ጋ ደውዬ ያየሁትን ነገርኳቸው። ጋሽ ከድር የድሮ ጎረቤቴ ናቸው፣ የወሎ ሰው፤ ፒያሳ መስጊዱ ፊት ለፊት ኮፍያ፣ ሽቶና መስገጃ ይሸጣሉ። “ባለፈው አርብም ሁለቱም ወገኖች ለጁምዓ እዚሁ ነው የመጡት። ነገም አይቀሩም፣ ነይ” አሉኝ።

አርብ ጠዋት ከአራብሳ መገናኛ በአውቶቡስ፣ ቆሜ። መንገዱ የተዘጋጋ ነበር። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ በስልኩ የዚያችን አገር ወሬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሰማል፤ “ዛሬም ከባድ መሣሪያ” ሲል እሰማለሁ። ከመገናኛ አራት ኪሎ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ “ማዘር፣ ጠጋ በሉ፣ ለአንድ ሰው ቦታ ፍጠሩ” ይለኛል። “ፈጣሪ መሰልኩህ እንዴ?” አልኩት፤ ታክሲው ሳቀ። እኔ ስፈራ አፌ አያርፍም፣ ልማዴ ነው።

አራት ኪሎ ወርጄ ሥላሴን ተሳለምኩ። ሌላ ጊዜ የምጠይቀው ብዙ ነው። ያን ቀን “የምናገረውን ስጠኝ፣ የሚሰማኝን ሰው አሳየኝ” ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ፒያሳ

ከአራት ኪሎ በእግሬ በራስ መኰንን ድልድይ ወጣሁ። መንገዱ ምን ይወጣለታል! ሰፊ የእግር መንገድ፣ አበባ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር። የጠፋው የማውቀው ሰው ነው። ድሮ ከድልድዩ ፒያሳ እስክደርስ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ማንም “አልሚ” ብሎ ሳይጠራኝ ደረስኩ። ቤታችን የነበረበት ጋ ሣር ተተክሏል። ቆም ብዬ የእናቴ በር የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት ሞከርኩና ተውኩት። ቤት የፈረሰበት ሰው ቤት የሚቃጠልበትን ቶሎ ያስባል፤ የኡምዱርማኑ ግቢ ዓይኔ ላይ መጣ።

ጋሽ ከድር በሱቃቸው በር ላይ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ። አርብ ነው፣ ጾም፤ ማኪያቶ አይታሰብም። ሻይና ትኩስ ፓስቲ አስመጡልኝ።

“ድርድሩስ እንዴት ነው ይላሉ፣ ጋሽ ከድር?” አልኳቸው።

“ምን ድርድር አለ ልጄ! የሆቴሉ አስተናጋጆች ሽቶ ሊገዙ ሲመጡ ያወራሉ። አንዱ ወገን ሦስተኛ ፎቅ፣ አንዱ አምስተኛ ፎቅ። አንድ ክፍል አንገባም ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ወረቀት ይዘው ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። አሳንሰር ውስጥ ነው የሚኖሩት በያቸው።”

ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። የእኛ አገር ሽማግሌ ባላንጣዎችን አንድ ጥላ ሥር ሳያስቀምጥ ነገር አይጀምርም። ፊት ለፊት ያልተያየ ሰው እንዴት ይታረቃል?

ጋሽ ከድር ሱቁን ጥለውልኝ ወደ ስግደት ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ስሙን ጮክ ብለሽ እንዳትጠሪ። ጆሮው ላይ ሽቦ ያለው ሁሉ ጠባቂ ነው” አሉኝ። ቀና ስል እውነትም ጆሯቸው ላይ ሽቦ ያለባቸው ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ብዙም ሳይቆይ መኪኖቹ መጡ። የአንደኛው ወገን ከላይ በኩል፣ የሌላው ከታች በኩል ቆሙ። መሐል ላይ የድርጅቱ ሰዎች መኪና ገባች፤ ከሷ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ አንድ ሽማግሌ ወረዱ። ሙንዚርን አየሁት። እሱ አላየኝም፤ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ከሶላት በፊት ድምፅ ማጉያው የኢማሙን ስብከት እያሰማ ነበር፤ እኔ ዓይኔን ከመስጊዱ በር ላይ አልነቀልኩም። ኋላ ጋሽ ከድር እንደነገሩኝ ውስጥ ቦታ ጠቦ ስለነበር ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰልፍ ትከሻ ለትከሻ ነው የሰገዱት። ስግደቱ ሲያልቅ እንደ ደንቡ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞረው “አሰላሙ ዓለይኩም” ተባባሉ። በዚያች ደቂቃ የሸበቱት ሽማግሌ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር አሉኝ። ከዚያ እያንዳንዱ ጫማውን ፈልጎ ወደየመኪናው ሄደ።

ጋሽ ከድር ሙንዚርን ተከትለው ወጡና ነጋዴ መስለው በአረብኛ ተጣሩ፦ “ና ወንድሜ፣ ኮፍያ እይ፣ የአዲስ አበባ ማስታወሻ!” መጣ። አብሮት ከራሱ ወገን አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር፣ ከኋላ ደግሞ የእኛው አገር ጥበቃ፣ ወጣት ልጅ። ሙንዚር ከበርጩማው ስነሳ አየኝና ቀጥ አለ።

“ኻልቲ አልማዝ!” አለ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ወፍራሙ ሰውዬ ማን ናት ብሎ ጠየቀው። “ያሳደገችኝ ናት” አለው።

በአረብኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ፣ “ሰናይት ሰላም ትልሃለች። መንገድ ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት ነው። ትምጣ ወይስ ሰላሙን ትጠብቅ?” አልኩት።

“ትጠብቅ!” አለ ጮክ ብሎ በአረብኛ። “ሰላሙ ቅርብ ነው። ሁሉም መልካም ነው። አላህ ያውቃል፣ ትጠብቅ።” ወፍራሙ ሰውዬ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ስልኩን አወጣ።

ሙንዚር አንድ ነጭ ኮፍያ አንስቶ አጠለቀና ወደ ጋሽ ከድር ትንሽ መስታወት ጎንበስ አለ። ከዚያ መስታወቱን እያየ፣ ልጅ ሳለ እኔ ባስተማርኩት አማርኛ፣ ቀስ ብሎ “አትጠብቅ” አለኝ። “ምንም የለም። ማታ እንሄዳለን። ሻንጣ መኪና ውስጥ ነው። ትውጣ፣ ነገ።”

“እናትህስ?” አልኩት፣ ኮፍያው ልኩ መሆኑን እንደሚያይ ሰው እየነካካሁት።

“እኔ ‘ውጪ’ አልላትም። ከተናገርኩ ‘ሰላም የለም’ ማለት ነው፣ እነሱ ስልክ ይሰማሉ፣ ያውቃሉ።” አንገቱን ወደ ወፍራሙ ሰውዬ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ተመለሰ። “አልማዝ፣ እናቴን ይዛት ትውጣ። እባክሽ።”

ቀና ስል የእኛው ወጣት ጥበቃ ትክ ብሎ ያየኛል። አማርኛ እንዴት አይሰማ? ሁሉንም ሰምቷል። አበቃ፣ አልኩ በልቤ፣ አሁን ሁላችንንም ያስጨርሰናል። ልጁ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረና በእንግሊዝኛ “እንሂድ” አላቸው። ሙንዚር ኮፍያውን አውልቆ መደርደሪያው ላይ መልሶ አስቀመጠና ሄደ።

መልስ

ከመስጊዱ በላይ መንገዱ ስለተዘጋ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድኩና ታክሲ ጠበቅኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ስለ ሐጃ ባልነግራትስ? ብቻዋን ወጣት ሴት፣ አገሩን የምታውቅ፣ ኬላውን ታልፍ ይሆናል። እግራቸው ካበጠ አሮጊት ጋር፣ ያውም የተደራዳሪ እናት! አንዱ ወታደር ቢያውቃቸው ልጄን አብሮ ነው የሚቀብርልኝ። ሙንዚር የራሱን እናት ሊያድን የእኔን ልጅ እሳት ውስጥ እየጨመረ አይደለም እንዴ? አራብሳ ስደርስ ቆርጬ ነበር። “ነገ ውጪ” እላታለሁ፣ ሌላ ቃል አልጨምርም።

አንድ ሰዓት ሲሆን ዜናው “ውይይቱ በመልካም መንፈስ ቀጥሏል” አለ። “እሰይ!” አልኩት ቴሌቪዥኑን፣ “ሻንጣውም በመልካም መንፈስ ተጭኗል።” አፌን ሳልዘጋ ስልኩ ጮኸ።

“እማዬ፣ ደቂቃው ትንሽ ነው። ምን ልሁን?”

“ነገ ውጪ” አልኩ። ከኋላዋ ሳል ተሰማኝ። ያን ሳል አውቀዋለሁ። ሙንዚርን ኩፍኝ በያዘው ጊዜ ከሐጃ ጋር ስንት ሌሊት አብረን ቁጭ ብለን አድረናል። “ሐጃ አጠገብሽ ናቸው?”

“አዎ፣ ሱቁ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። አልሄድም ብለዋል እኮ፤ ልጃቸውን ይጠብቃሉ።”

እንግዲህ ምን ላድርግ? አስቤው የመጣሁት ሁሉ አፌ ላይ ጠፋ። “ልጃቸውን ዛሬ አግኝቼዋለሁ። ‘ይውጡ’ ብሏል በያቸው።”

በአረብኛ ስትነግራቸው ሰማኋት። ሐጃ ተቆጡ። “ውሸት ነው” ሲሉ ይሰማኛል፣ “ልጄ ለሰላም ነው የሄደው። በምን ቋንቋ ነው ያላት?”

ሰናይት ግራ ገብቷት “በምን ቋንቋ ነው ያለሽ?” አለችኝ።

“በአማርኛ።”

ሙንዚር በልጅነቱ አባቱን ሲፈራ ለአባቱ በአረብኛ “ደህና ነኝ” ይልና ለእኔ በአማርኛ የሚያመውን ይነግረኝ ነበር። ሐጃ ይህን ያውቃሉ፤ በሩ ላይ ቆመው ሰምተው “ምን አለሽ?” እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ከዚያ የሐጃ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ “ነይ ቤት እንሂድ። ጫማዬን ትፈልጊልኛለሽ” አለ።

“ሰናይት፣ ስሚኝ!” ብዬ ጮህኩ። “ኬላ ላይ ስማቸውን እንዳትጠሪ። ‘እናቴ ናት’ በይ። ማንም ቢጠይቅሽ እናትሽ እሳቸው ናቸው። እኔ የለሁም።”

“እሺ፣ እማዬ” አለች። ደቂቃው አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልጽፋቸውም። ስልክ ሲጮህ እሸሸው ነበር፣ ሳይጮህ ደግሞ አልቀመጥም። በመሐል ዜናው ውይይቱ “ለሌላ ጊዜ ተላልፏል” አለ። የሐጃ ሰፈር ተመታ የሚልም ሰማሁ።

ከዚህ መንገድ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ የሸበቱትን ሽማግሌ አልንቃቸውም። አሳንሰር ውስጥም ቢሆን የሚመላለስ ሰው ይኑር፤ ጨርሶ ከመተው ይሻላል። ግን ሰላሙ እስኪወርድ ድረስ ሰው ሰውን ይዞ መውጣት አለበት።

አንድ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር አጭር መልእክት ገባ፦ “እኔና እናቴ መተማ ገብተናል።” ልጄ አሁንም ፈርታ ነው እንዲህ የጻፈችው፤ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ቆማ እንኳ የሐጃን ስም አልጠራችም። መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት።

ለሙንዚር የምነግርበት ስልክ የለኝም። በሕይወት መኖሩንም አላውቅም። ጋሽ ከድር ያን ነጭ ኮፍያ ከመደርደሪያው አንስተው ለብቻው አስቀምጠውታል፤ ሰው ሲጠይቃቸው “ባለቤት አለው” ይላሉ።