በእርሳስ የሚጻፍ ቀሪ

ጀማሪ መምህራን ጥሩ አማካሪ ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ሲጠይቁኝ ትዕግሥት፣ ዕውቀት፣ ቅንነት እያልኩ እዘረዝራለሁ። የማውቀውን አንዱን እውነት ግን አልነግራቸውም።

ከማንኩሳ ወዲያ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሥራ ስጀምር አማካሪ ሆነው የተመደቡልኝ ጡረታ የደረሱ የቡሬ ሰው ነበሩ። ቅር አለኝ። ኮሌጅ የተማርኩትን ዘዴ ስሙን እንኳ አልሰሙትም ብዬ ናቅኋቸው። እሳቸው የነገሩኝ ነገር ጥቂት ነው፤ በርበሬ በሚለቀምበት ወር ቀሪ ተማሪን ስም መጥሪያው ላይ በእርሳስ ያዝ፣ ቤቱ ድረስ ሳትሄድ ስም እንዳትሰርዝ አሉኝ። ለቀማው ሲያልቅ ልጆቹ ይመለሳሉና።

እኔ ደግሞ ንጹሕ መዝገብ እወድ ነበር፤ ሱፐርቫይዘሩም ሊመጣ ነው ተብሏል። ሦስት ሳምንት የቀረችን የሰባተኛ ክፍል ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳት። ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ጥያቄ የምታበዛ ልጅ ነበረች።

በሳምንቱ አባቷ መጥተው ልጄ መዝገብ ላይ አለች ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። ተሰርዛለች አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። በምስጋናቸው ደስ ብሎኝ እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ለአማካሪዬ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ሰውየው ልጅቱን ሊድራት ሲል፣ ስሟ መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ እንዳይድራት አማካሪዬ በንስሐ አባቱ ፊት ቃል አስገብተውት ኖሯል። ይህን ሳልነግርህ የቀረሁት እኔ ነኝ ጥፋተኛው አሉ። አልተቆጡኝም። ጃንጥላቸውን አንሥተው ተከተለኝ አሉኝ።

አባትየው እደጅ ተቀበሉን። አማካሪዬ ስሟን ዛሬውኑ እንመልሳለን፣ ጋብቻውን ተወው ብለው ለመኑ።

«እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ» አሉ አባትየው። «የሰረዛችሁ እናንተ ናችሁ። ለወንዱ ወገን እሺ ብያለሁ፤ አልመልሰውም።»

ድምፃችንን ሰምታ ልጅቱ ወጣች። ጣቶቿ በበርበሬ ቀልተዋል። ወደ አማካሪዬ ዞራ «ጋሼ፣ ስሜ አለ አይደል?» አለች።

ሊመልሱላት ይችሉ ነበር፤ ሊሸፍኑልኝም ይችሉ ነበር። ግን ወደ እኔ ተመለከቱ።

«የለም» አልኳት። «እኔ ነኝ የሰረዝኩት።»

አላለቀሰችም። ወደ ቤት ገብታ በጋዜጣ የለበደችውን የሒሳብ መጽሐፍ አመጣች።

«የመንግሥት ነው» ብላ በሁለት እጇ አስረከበችኝ።