የተቀበሉት እኔን ነው ወይስ ገብሱን

ኢሜይሉ የደረሰኝ ቅዳሜ፣ ከደባርቅ ገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። ውጭ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ለማስተርስ እንደተቀበሉኝና ሙሉ ወጪዬን እንደሚሸፍኑልኝ ይገልጻል። ደስ ከመሰኘቴ በፊት የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል መረመርኩ። ከዚያ ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩና ኔትወርክ በደንብ የሚገኝበት ጥግ ላይ ቆሜ እንደገና መረመርኩ። ሰባት ቦታ አመልክቼ አምስቱ መልስ እንኳ አልሰጡኝም፤ ስድስተኛው ተቀብሎኝ ወጪውን ራስሽ ቻይ ብሎኛል። ይኼኛው ምን አይቶብኝ ነው?

ሥራዬ ግብርና ቢሮ ነው፤ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ያሉ አርሶ አደሮችን እየዞርኩ ስለ ሰብል አማክራለሁ። ሰኞ ኢሜይሉን ጠረጴዛ ለሚጋራኝ ባልደረባዬ አሳየሁት። ከእኔ ቀድሞ የተቀጠረ፣ ብዙ ጊዜ አመልክቶ ያልተሳካለት ሰው ነው። ስልኬን ከእጄ ወስዶ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እውነተኛ ነው» አለ። «አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ እስካሁን የባንክ ቁጥርሽን ይጠይቅሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እኔን?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ተቀበሉኝ ብሎ ይጨነቃል?»

በሳምንቱ እዚያ የጥናት አማካሪዬ የሚሆነው ፕሮፌሰር ራሱ ጻፈልኝ። ማመልከቻዬን እንደወደደው፣ በተለይ ውርጭ ስለሚችለው ጥቁር ገብስ የጻፍኩት እንደሳበው ነገረኝ። ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ፤ ስመጣ ከዚያ ገብስ ጥቂት ጥቂት ዘር፣ ከየአርሶ አደሩ ስምና ከየቦታው ጋር፣ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ እንድመጣ። «ወረቀቱን እዚህ ከደረስሽ በኋላ እናስተካክለዋለን» ይላል።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። ዘር ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ሳያውቅ አይቀርም። ግን ደግሞ ለራሴ፣ እፍኝ ገብስ ነው፣ ማን ያየዋል አልኩ። እንዲህ ማሰቤን ዛሬም አልደብቅም።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ደረስጌ በሚወስደው መንገድ ወዳሉ አንዲት እማሆይ ሄድኩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ቁራሽ መሬታቸውን ግን ያልተዉ አሮጊት ናቸው። ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩት ስለ እሳቸው ገብስ ነበር።

«እማሆይ፣ ከጥቁሩ ገብስ ትንሽ ዘር ይሰጡኛል?»

«ለማን ነው ልጄ?»

«ውጭ አገር ለሚያስተምረኝ ሰውዬ።»

«ያርሳል?»

«አያርስም፤ ያጠናል።»

«ካላረሰ ዘሩ ምን ያደርግለታል?» ብለው ትኩር ብለው አዩኝ። መልሴን ግን አልጠበቁም። ተነሥተው ከጎታው እፍኝ ሙሉ ዘግነው መጡና ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠሩልኝ።

«ላንቺ ከሆነ ውሰጂ። አንቺ ክፉ አትሠሪበትም።»

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ፕሮፌሰሩን ትቼ ራሴን ስጠረጥር መጣሁ። ማመልከቻውን ስጽፍ ይህን ገብስ ያነሣሁት ለምን ነበር? ሌላ ሰው በቀላሉ እንደማያገኘው፣ እኔን ግን አርሶ አደሮቹ ስለሚያምኑኝ እንደሚሰጡኝ ጽፌያለሁ። ለገበያ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ታዲያ የተቀበሉት እኔን ነው ወይስ ገብሱን?

ሰኞ ቢሮ እንደገባሁ ለፕሮፌሰሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩለት፤ ዘሩን ሳልይዝ ብመጣ ቦታዬ ይጠበቅልኛል ወይ? መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ሞቅ ያለ ነው። ስለ ከተማው፣ ስለ ብርዱ፣ ይዤው ስለምመጣው ልብስ ሳይቀር ይመክረኛል። ለጥያቄዬ ግን አዎም አይደለምም አላለም። «እሱን ስትመጪ እንነጋገርበታለን፤ ያለ ዘሩ ጥናቱን መጀመር ግን ያስቸግራል» ነው ያለው።

አባቴ ዳባት አጠገብ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ሰው ሳያስቀይሙ እምቢ ማለት እንደ እሳቸው የሚችል አላውቅምና ላለመሄድ ወስኜ የጻፍኩትን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ወጪሽን ራስሽ ቻይ ላለኝ ዩኒቨርሲቲ አስቀድሜ ጽፌ ነበር፤ እሱ ቀላል ነው፤ አመሰግናለሁ፣ አቅሜ አይፈቅድም፣ አለቀ። ለፕሮፌሰሩ ግን አንድ ገጽ ሙሉ በእንግሊዝኛ ጽፌያለሁ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«ይኼ እምቢታ ነው ወይስ ክስ?» አሉኝ።

«ምክንያቴን ላስረዳው ብዬ ነው አባዬ።»

«ሌባ ነህ እያልሽው ነው። ሲሰርቅ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ያላየሽውን አትጻፊ። አመስግኚ፣ መምጣት እንደማትችዪ ንገሪው፣ የዘሩን ነገር በፈቃድ ካልሆነ እንደማታደርጊው በአንድ መስመር ጻፊ። በቃ።» ቀጥለውም፣ «ፈርተሽ ግን አይደለም?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ጥርጣሬው ለፍርሃቴ መደበቂያ ሆኖልኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ገጹን ቀድጄ አምስት መስመር ጻፍኩ። ዳባት መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ ከስልኬ ላክሁት።

የፕሮፌሰሩ መልስ በማግስቱ ደረሰ። ያን ያህል ፈጥኖ መልሶልኝ አያውቅም። ውሳኔዬን እንደሚያከብር ገልጾ፣ መጨረሻው ላይ ዘሩን ሊሰበስብለት የሚችል ሌላ ሰው አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም። መልእክቶቹን ግን ለባልደረባዬ አሳይቼ የእማሆይንም ነገር አጫወትኩት።

ከወር በኋላ ቋጠሮውን ለእማሆይ ልመልስ ሄድኩ።

«ያ የላክሽው ሰው ደህና ገባ?» አሉኝ ገና በሩ ላይ።

«የቱ ሰው?»

«ቢሮ አብሮሽ የሚሠራው ነዋ። አልበቃትም፣ ጨምሩላት ብላለች አለኝ። እኔ ግን አልሰጠሁትም። ፈልጋ ከሆነ እግር አላት፣ ራሷ ትምጣ ብዬ መለስኩት።»

ሰኞ ጠዋት ባልደረባዬን ጠረጴዛችን ጋ አገኘሁት። «ደረስጌ መንገድ ምን ወሰደህ?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አልካደም። «ለሰውዬው ጻፍኩለት። አንቺ እምቢ ያልሽውን ቦታ ብጠይቅ ነውር ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ያመለከትኩ ሰው ነኝ።»

«በእኔ ስም ዘር መጠየቁስ?»

«እሱ ነውር ነው» አለና አንገቱን ደፋ። «ደግሞ አልመለሰልኝም።»

ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን እኔም ማን ያየዋል ብዬ አስቤ ስለነበር ተውኩት። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሥራ ጀመርን።

በእርግጥ ሳይመልስለት ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም። በቀደም የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ ጎንደር ሄዶ ነበር። ቢሮ ውስጥ ፓስፖርት ሊያወጣ ነው ይላሉ፤ እሱ ለእህቱ ልጅ ክርስትና ነው ብሎኛል። ሲመለስ እንኳን ደህና መጣህ አልኩት። ስለ ክርስትናው ግን አልጠየቅኩትም።