የግርማ ጉብታ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል

ልጄ ቤዛ ዛሬ ምሳ ላይ እንግዳችንን «ጋሽ ግርማ፣ ይህን ወረቀት ለእኔ ይተዉልኝ» ስትለው ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

ቤዛ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። የለካቻቸው ነጥቦች አትማ በሰጠችን ወረቀት ላይ ወደ ላይ ወጥተው አንድ ጉብታ ይሠሩና ይወርዳሉ። ኮምፒውተሯ ያሰመረላት ደወል መሰል መስመር ግን በቀኝ በኩል ያለውን ረጅም ጭራ ይስታል።

«በደርግ ጊዜ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ታደርጉ ነበር?» አለች። የጠየቀችው እኔን ነበር።

ስለ ስላይድ ሩል፣ ስለዚያ እየተንሸራተተ ስለሚያሰላው ማስመሪያ፣ መናገር ስጀምር፣ የድሮ ባልደረባዬ ግርማ እርሳስ አንስቶ በነጥቦቹ መሃል አንድ ጊዜ ሳበው። ጭራው ሳይቀር ገጠመ። ቤዛ «ይተዉልኝ» ያለችው ይህን ጊዜ ነው።

ያኔም እንዲሁ ነበር። ቦሌ በነበረው ላቦራቶሪያችን፣ ከሰዓቱን ሙሉ አስልቼ የሣልኩትን አለቃችን አየት አድርጎ ያስቀምጠዋል። የግርማን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። «ጓድ ግርማ፣ እጅህ ዓይን አለው!» የእኔ እጅ ምን እንዳለው ነግሮኝ አያውቅም።

«ቀመሩን የሚያውቀው አባትሽ ነው፤ እኔማ በግምት ነው የምስለው» አለ ግርማ። ደግ ነው እኮ። የሚያበግነኝም ይኸው ደግነቱ ነው።

«እሺ፣ አባዬ በኋላ ያሳየኛል» ብላ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

ግርማን ኢምፔሪያል ድረስ ሸኝቼ፣ ታክሲ አሳፍሬው ተመለስኩ። ቀመሩን በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ይኸው መሸ፣ ቤዛ እስካሁን አልጠየቀችኝም።

እናንተስ፣ የራሳችሁ ሰው እናንተን ጠይቆ በሌላ ሰው መልስ ተደንቆባችሁ ያውቃል? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።