ያልተሠራው ማህፀኔ

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ዛሬ የቆምኩት። ስሙ ይባረክ!

አስካለ እባላለሁ፤ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ እሸጣለሁ። እኩዮቼ የወር አበባ ሲያዩ እኔ አላየሁም። እናቴ «ይዘገያል እንጂ አይቀርም» ትለኝ ነበር። ኢህአዴግ በገባ ሰሞን ደሳለኝን አገባሁ፤ አናጢ ነው፣ የመስቃን ልጅ። ልጅ ጠበቅን፣ የለም። ጠበል ተጠመቅሁ፣ የለም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄደን በአልትራሳውንድ ታየሁ።

ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጠው፣ «ማህፀንሽ ገና በእናትሽ ሆድ ሳለሽ ሳይሠራ ቀርቷል። በሕክምና አፕላዥያ ይባላል። ያጠፋሽው ነገር የለም፤ እኛም የምንሰጥሽ መድኃኒት የለንም» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ያንን ይዘን ወደ ቡታጅራ ተመለስን። አማቴ ሲሰሙ ልጃቸውን ሌላ እንዲያገባ መከሩት። እኔም እሺ በላቸው አልኩት። እምቢ አለ። እምቢታው ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ሰው ሁሉ ሆዴን የሚያይ እየመሰለኝ ገበያ መውጣት ተውኩ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች አማኝ ነበሩ፤ እየመጡ ይጸልዩልኛል። አንድ ቀን፣ «እግዚአብሔር ሲሠራኝ ለምን ረሳኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አብረውኝ አለቀሱ።

«እኔ አላውቅም ልጄ። ራሱን ጠይቂው» አሉኝ።

እዚያው ተንበርክኬ ጠየቅሁት። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ግን በደንብ የሚያውቀኝ ሰው ፊት የተቀመጥኩ ያህል ልቤ አረፈ። ኢየሱስን የሕይወቴ ጌታ አድርጌ የተቀበልኩት ያን ቀን ነው። ሃሌ ሉያ! በነጋታው ገበያ ወጣሁ።

ብዙዎቻችሁ እጃችሁን ጭናችሁ ጸልያችሁልኛል። ማህፀን ግን አልተፈጠረልኝም፤ በኋላም ተመርምሬያለሁ፣ አልደብቃችሁም።

ከዓመታት በኋላ፣ ከቡታጅራ ወጣ ብላ ባለችው ቆሼ ከተማ የእትዬ ዘነበች ወንድም ሚስት በወሊድ አረፈች። አባትየው ሕፃኗን አቅፎ ቤታችን መጣና እናት እንድሆናት ለመነኝ። ወደ ደሳለኝ ዞር ስል እሱ ቀድሞኝ እጁን ዘርግቷል። ጌታ ይመስገን!

አማቴ ለብዙ ጊዜ ደጃችንን አልረገጡም። የመጡ ዕለት ሕፃኗ ታለቅስ ነበር። በሩ ላይ ቆመው አዩንና፣ «አያያዝሽ ልክ አይደለም፣ አምጪያት» ብለው ተቀበሉኝ። በነጠላቸው አዝለዋት ግቢውን ሲዞሩ ዋሉ።

ዛሬ ልጄ ከመዘምራኑ ጋር ቆማለች፤ ታዩዋታላችሁ። ወገኖቼ፣ ሐኪሙ የለም ያሉት ዛሬም የለም። እኔ ግን እናት ነኝ። አንዳች ነገር የጎደለው ሰው እዚህ ካለ፣ እስኪሞላለት አይጠብቅ፤ እንዲሁ እንደጎደለው ጌታን ይመነው። እኔን እንዳለሁ ነው የተቀበለኝ።