ዛጎሎቹን ጨው ውሃ ውስጥ የነከርኩ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ውስጥ አንዲት ኮረዳ ሹሩባዋ ጫፍ ላይ ዛጎል አስራ አየሁና ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ሌባ ሳልመስላት አልቀረሁም፤ ጸጉሯን ሰብስባ እብስ አለች። እኔ ግን ያየሁት እሷን አልነበረም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ማንኩሳ ላይ የሠራሁትን ጉድ ነበር።

ቤታችን ምሰሶ ላይ የሚሰቀል አንድ አንቀልባ ነበረን። ቆዳው ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ የለሰለሰ፣ ጀርባው በረድፍ በረድፍ ዛጎል የተሸፈነ፣ ሲያሸቱት ሕፃን ሕፃን የሚል። የእናቴ ይባል እንጂ የሰፈሩ ነበር፤ ወላድ ሁሉ ይዋሰዋል። ድፍን ጎጃም በእሱ ታዝሎ ያደገ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ግማሹ። ዛጎሉም ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የሰው ዓይን ሕፃኑ ላይ ከማረፉ በፊት ዛጎሉ ላይ ይረፍ ተብሎ ነው።

ዛጎል ምን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም። እኔ የትልቅ ዓሣ ጥርስ ነው ባይ ነበርኩ፤ ጓደኛዬ ሙሉ ደግሞ የዛፍ ፍሬ ነው ብላ ድርቅ ትላለች። አንድ ረቡዕ የሳይንስ መምህራችን "ዛጎል የትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው፤ የባሕር ውሃ ደግሞ ጨው ነው" አሉን። አበቃ! አጥራችን ሥር ያለውን ቀንድ አውጣ አውቀዋለሁ፤ በጋውን ሙሉ ደርቆ ይከርምና ዝናብ ሲነካው ብቅ ይላል። የባሕሩም ውሃው ርቆት ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም ማለት ነው። ልቀሰቅሰው ቆረጥኩ።

እናቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ አንቀልባውን አውርጄ፣ ጅማቱን በምላጭ እየበጠስኩ ዛጎሉን አንድ ሳላስቀር ለቀምኩት። በሸክላ ድስት ውሃ ሞላሁ፤ ለከብቶቹ ከተቀመጠው አሞሌም የማንኩሳን ላም ሁሉ ዓመት የሚያልስ ጨው ቆርሼ ጨመርኩና ዛጎሎቹን ነክሬ ጎተራ ሥር ደበቅኩት። አንቀልባውንም መላጣ ጀርባውን ወደ ምሰሶው አዙሬ መልሼ ሰቀልኩት። ከሙሉ ጋር ከብበነው "ቀንድሽን አውጭ፣ ቀንድሽን አውጭ" እያልን ለመንን።

"ምናልባት አማርኛ አይሰሙ ይሆናል" አለች ሙሉ። እናቷ አዊ ስለሆኑ በአገውኛም ሞከረችላቸው። ጭጭ። ዓርብ ትዕግሥቴ አለቀና አንዱን በድንጋይ ፈለጥኩት። ባዶ።

ቅዳሜ ጧት እናቴ አንቀልባውን ልታወርድ እጇን ሰደደች። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ በማግሥቱ ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሡ ነበርና ሊዋሱት ነው። መላጣውን ቆዳ ስታይ፣ ዱላዬን ልቀበል ዓይኔን ጨፈንኩ። ዱላው ቀረ።

"አንች ልጅ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ጥሩ ሁለት ልጅ ቀብራ ይህ ሦስተኛዋ መሆኑን ታውቂያለሽ?"

አላውቅም ነበር።

"ከብት ሳይገባ እንደነበረ አድርገሽ ትሰፊዋለሽ። ያለዚያ ራስሽ ሂደሽ ትነግሪያታለሽ።" ወስፌና ጅማት ጭኔ ላይ ጣለችልኝ።

ሰፋሁ። ጣቴ ወንፊት ሆነ። ሙሉ ለጨዋታ ጠራችኝ፣ ዞር ብዬም አላየኋት። ምሳ ቀረበ፣ አልነካሁም። ላሞቹ ደጅ ሲደርሱ የመጨረሻውን ቋጠርኩ። የፈለጥኩት ዛጎል ቦታ ግን መሃል ረድፍ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ያፈጣል። ከአባቴ ኮት ቁልፍ በጥሼ ልሰፋበት ቃጣኝ። ወዲያው ያ ሦስተኛ ልጅ ትዝ አለኝ። የሰው ዓይን በዚያች በኩል ቢገባስ? አንቀልባውን ታቅፌ እትዬ ጥሩ ቤት ሮጥኩ።

"እትዬ፣ አንዱን ሰብሬዋለሁ። ውስጡን ላይ ብዬ ነው" አልኳቸውና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

"አየሽው ታዲያ?"

"ባዶ ነው እትዬ።"

ሳቃቸው ግሽ ዓባይ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ሳቁን ቁርጥ አድርገው ጣታቸውን ክፍቱ ቦታ ላይ አሳረፉ። "እንግዲያው የጎደለውን አንች ትሞዪዋለሽ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንች ነሽ የምታዝዪው።"

በማግሥቱ የጨው ውሃው የዘመናት ጥላሸት አውልቆላቸው ዛጎሎቹ ወተት መስለው ነበር። ሴቶቹ "ከየት አስመጣችሁት?" እያሉ እናቴን ሲያስጨንቋት፣ እኔ ሕፃኑን አዝዬ፣ እትዬ ጥሩ ከኋላ ደገፍ አድርገውኝ፣ ወደ ልጁ ያየን ሁሉ በዓይኔ እያባረርኩ ሄድኩ። አንዲት ዶሮ እንኳ ቀና ብላ ብታይ ገላመጥኳት።

ያ ሕፃን ዛሬ ቦርጫም የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እዚህ ፍኖተ ሰላም ሲያገኘኝ "እታለም፣ ተራዬ ነው፣ ልዘልሽ?" ይለኛል። አሁን ወላድ ሁሉ ባለ ዘለበት ማዘያ ከሱቅ ይገዛል። ወገብ አያሳምም ይላሉ፤ ደግ ነው። ልጁ ሲያድግ ግን ማዘያው ካርቶን ውስጥ ይገባል እንጂ ጎረቤት ቤት አይገባም። የእኛ አንቀልባ ከእናቴ እኔ ዘንድ መጥቶ ዓመታት ሙሉ የተዋሰው የለም። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ስሟን እንኳ አላውቀውም፤ የማውቀው የልጇን ለቅሶ ነው። ዛሬ ከሰዓት አንቀልባውን ይዤላት እገባለሁ። አልፈልግም ካለችኝ ነገ እመለሳለሁ።