ስድስተኛው ግንብ

የባለቤቴን ሰዓት ላሠራ ፒያሳ ገብቼ፣ ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሲሰካ ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሰው ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ከአገር መውጣት በማይታሰብበት ዘመን፣ የሰፈራችን ሰዓት ሠሪ ጋሽ ወርቅነህ እኛን ልጆች ጣሊያን ያስጎበኙን ነበር። የአኦስታ ሸለቆ ግንቦች ያሉባቸው ስድስት ፖስትካርዶች ነበሯቸው። ተሰልፈን በማጉያቸው በየተራ እናያለን። የሳቀ ይባረራል።

አንድ ቀን አምስቱን ሳልስቅ አለፍኩ። የግንብን ውስጥ የሚያሳየው ስድስተኛው ብቻ ስለነበር እሱን ለማየት ጓጉቻለሁ።

«የግንቡ በር አጭር ነው፤ ጎንበስ በሉ» አሉ።

ሁላችንም ጎነበስን። ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ ግን ቀጥ ብሎ ተራመደና ግንባሩን ያዘ።

«ጋሽዬ፣ የጣሊያን በር ፈነከተኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ሁለታችሁም ውጡ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ የራሳቸውን ሳቅ እየዋጡ። «ደጅ ሆናችሁ ግንቡን ጠብቁ።»

ያን ልጅ አገባሁት። ሳናየው በቀረው ግንብ ውስጥ ምን እንደነበረ ዕድሜ ልካችንን ተከራከርን፤ እሱ የውሃ ጉድጓድ ነው ይላል፣ እኔ የዳቦ ምድጃ። አሁን የሚከራከረኝ የለም። ሰሞኑን ግን፣ ጉድጓድም ሳይኖር አይቀርም እያልኩ ነው።