በአንድ ጉድጓድ የገባ ማሽላ

ከደብረ ሲና በላይ ካለው ብርድ አገር ወደ ሮቢት ቆላ ተድሬ ስወርድ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ቢሆን ነው። ጣሊያን ከገባ ሁለተኛው ዓመት ነበር። ባሌ ጥቂት ወራት አብሮኝ ከረመና አንድ ማለዳ ጠመንጃውን ከጣራው ሥር አውጥቶ፣ "ለዘር እደርሳለሁ" ብሎኝ ዱር ገባ። የየትኛውን ዓመት ዘር እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ቤታችን ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ነበር። በዚያ አገር ዘመድ አልነበረኝም፤ ልጅም አልወለድኩም፤ ሙቀቱንም ገና አልለመድኩትም። የሚቀርቡኝ ጎረቤቶች አንድ ሽማግሌ ሙስሊም ገበሬና ሚስታቸው ነበሩ። እኔ ክርስቲያን ነኝና ሥጋ አንበላላም። እህል ግን የጋራችን ነበር። እሸት ሲደርስ እንቅብ ከነሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እነሱ ይመላለሳል፤ ባዶውን የሚመለስበት ጊዜ አልነበረም። ሽማግሌውን "አባቴ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳልሰማ ውዬ፣ አመሻሽ ላይ ከብቶቻቸውን በየስማቸው ሲጠሩ ስሰማ እኔን የጠሩኝ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት በሬዎቻችንን ወታደሮች ነድተው ወሰዷቸው። ከብት የሌለው ሰው ደግሞ ፍግ የለውም። የባሌ መሬት ሲታረስ የኖረ፣ የደከመ መሬት ነበር፤ ያለ ፍግ ማሽላው ከጉልበት እንደማያልፍ ሁሉም ነግሮኛል። ሽማግሌው በራሳቸው በሬዎች አረሱልኝ። ከበረታቸው ፍግም ሰጡኝ፤ ነገር ግን ለራሳቸውም አይበቃቸውምና የደረሰኝ የማሳውን ላይኛ ግማሽ ብቻ የሚያለብስ ሆነ። በቅርጫት እየተሸከምኩ እኔው በተንኩት። የታችኛው ግማሽ ያለ ፍግ ቀረ።

ከወንዙ ማዶ ጣሊያኖች የአትክልት እርሻ ከፍተው ነበር። እኔም እንደ ሌሎቹ ሴቶች እዚያ አረም እየነቀልኩ ዱቄት እቀበላለሁ። የእርሻው ሹም ፀሐይ ፊቱን የላጠው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አንድ ቀን በአስተርጓሚው በኩል የራሴ መሬት እንዳለኝ ጠየቀኝ።

"አለኝ፤ ግን የደከመ ነው" አልኩ።

አስተርጓሚው ግማሽ ጆንያ ነጭ ነገር አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። "እንግዲያው ይሄን በትኚበት፤ ውጤቱን ማየት እፈልጋለሁ ይልሻል።"

"ምንድነው?"

"የመሬት ምግብ ነው አለ።"

ጨው ይመስላል፤ ሲከፈት ግን የከብት ሽንት የቆየበት በረት ይሸታል። ተሸክሜ ወደ ቤት ስገባ ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝ። ጆንያውን አስፈትተው በጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱት።

"ከምን የተሠራ ነው?"

"አላውቅም፣ አባቴ።"

"ልጄ፣ ፍጌ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በሬው ምን በልቶ እንደጣለውም አውቃለሁ። ይሄን ግን አላውቀውም። የማላውቀውን አላመሰግንም፤ አልረግምም። መሬቱ የአንቺ ነው።"

ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ ብል ውሸት ነው። መሬቱ ባዶ ነበር፤ እኔም ረሃብ ፈርቼ ነበር። በማግስቱ በታችኛው ግማሽ ላይ በተንኩት።

ዝናቡ በዚያ ክረምት ጥሩ ነበር። ማሽላው ዛላ ሲያወጣ ግሪሳ ወፍ እንዳይጨርሰው ከማሳው መካከል በእንጨት በተሠራው ማማ ላይ ወጥቼ፣ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ወንጭፍ ሳጮህ እውላለሁ። ሌላው ሰው በየተራ ይጠብቃል፤ እኔ ተተኪ አልነበረኝም። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ በወፉ ላይ እጮሃለሁ፤ ወፉ ሲሄድ ማሳው ጭር ይላል፤ ጭር ሲል ደግሞ ባሌ የት ይሆን የሚለው ሐሳብ ይመጣል። አንዳንዴ ወፉ ቶሎ እንዲመለስ እመኝ ነበር።

ከማማው ላይ ሁለቱም ግማሽ ይታየኛል። የላይኛው፣ ፍግ የበላው፣ ደህና ነው። የታችኛው ግን ሌላ ነበር። ቅጠሉ ወደ ጥቁርነት ያደላ አረንጓዴ፣ አገዳው የሰው ክንድ የሚያህል፣ ዛላው ከብዶት ያጎነበሰ። ወደ ጀውሃ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች መንገዳቸውን አቁመው፣ "የማን ነው ይሄ?" ይላሉ። "የእኔ ነው!" እላለሁ ከላይ ሆኜ። ከተዳርኩ ጀምሮ ያን ያህል ጮክ ብዬ የተናገርኩት ነገር አልነበረም።

አጨዳው ሲደርስ ብቻዬን ቆረጥኩ፣ ብቻዬን ተሸከምኩ፣ ብቻዬን ወቃሁ። ለላዩና ለታቹ ሁለት አውድማ ለመለቅለቅ ጉልበቱ አልነበረኝም፤ ለመለየትም አላሰብኩም። ማሽላ ማሽላ ነው ብዬ ሁሉንም በአንድ የእህል ጉድጓድ ከተትኩት።

ከሳምንት በኋላ ማዶ እርሻ ውስጥ አንድ አህያ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰውን ነጭ ነገር ልሶ ሞተ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደር ገባ። "መርዝ ነው የዘራችው" ተባለ። "ጣሊያን በጭስ የጨረሰውን ጨርሶ፣ የቀረነውን በእህል ሊፈጀን ነው" ያሉም ነበሩ። ከአየር ላይ ስለወረደው መርዝ ሁላችንም ሰምተን ነበርና ይህን አሉ ብዬ አልፈርድባቸውም። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ግን እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሳሉ።

እኔ ግን ሽማግሌዎቹ እንደዚያ አይሆኑም ብዬ ከጉድጓዱ አንድ እንቅብ ማሽላ አውጥቼ እንደ ልማዳችን ወሰድኩላቸው። በማግስቱ የሽማግሌው ሚስት እንቅቡን ይዘው መጡ። እህሉ እንደተሰፈረ ነበር።

"ከፍጉ በኩል ያለውን ብቻ ብትሰጪን..." አሉኝ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው።

"እትዬ፣ ቀላቅዬዋለሁ። አሁን ማን ይለየዋል?"

"የልጅ ልጆች አሉብኝ፣ ልጄ። አትቀየሚኝ።"

አልተቀየምኩም አልኳቸው። ሲሄዱ ግን እንቅቡን ታቅፌ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆየሁ። ወላጆቼ ሩቅ ናቸው፤ ባሌ የለም፤ ከዚያ ቤት ጋር ያገናኘኝ እህል ብቻ ነበር።

መብላቱን እኔም ራሴ እፈራ ነበር። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ቂጣ ጋግሬ በላሁና ተኝቼ ሆዴን አዳመጥኩት። ምንም አልሆንኩም። ኋላማ ጣዕሙን መመርመር ያዝኩ። ይሄኛው ፍሬ የላይኛው ይሆን፣ ይሄኛው የታችኛው? ዓይኔን ጨፍኜ አኝኬዋለሁ። አንዱም አልተናገረኝም። ጥሩ ማሽላ ነበር፤ ለብቻ ሲበሉት ግን ቶሎ ያጠግባል።

በጥር ወር ከዱር የመጣ አንድ ሰው እንጨት ሻጭ መስሎ ቤቴ ገባ። ገና ሳይቀመጥ ገባኝ። ባሌ ከሁለት ወር በፊት በውጊያ ሞቶ፣ እዚያው ከአንድ ገደል ሥር ቀብረውት ነበር። "እንዴት እንደሞተ አትናገሪ፤ ቤቱን ያቃጥሉብሻል" አለኝ። ስለዚህ ለሰው ወባ ገደለው አልኩ። ሬሳ በሌለበት፣ እውነቱም በማይነገርበት ለቅሶ ተቀመጥኩ።

ሰው ግን መጣ፤ ይህን አልክድም። መንደሩ ሁሉ መጥቶ አለቀሰልኝ። በሦስተኛው ቀን ለለቀስተኛ ንፍሮ ማቅረብ ነበረብኝ፤ ያለኝም ያው ማሽላ ነው። ቀቅዬ በሰፌድ አዞርኩት። ሴቶቹ እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም። አንዷ ጾም ላይ ነኝ፣ ሰዓቱ አልደረሰም አለች። አንዷ ጥርሷን እንዳመማት ነገረችኝ። ሰፌዱ እንደሞላ ዞሮ እጄ ላይ ተመለሰ፤ የማደርገው ጠፍቶኝ መካከል ቆምኩ። ባሌ ሲሞት ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ሽማግሌው ጎረቤቴ በር ላይ፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ተነሡና ወደ እኔ መጡ።

"ወዲህ በይው" አሉ።

"አባቴ፣ አይፈሩም?"

"ስፈራ ከረምኩ፣ ልጄ። ፈርቼም ያተረፍኩት የለም። እህሉን ብቻሽን ጋግረሽ ስትበዪ ስንቴ ጭስሽን አይቻለሁ፤ አልሞትሽም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የሟች ንፍሮ አይመለስም። ቢስሚላህ" አሉና አንድ ጭብጥ ዘገኑ።

ጥርሳቸው ጥቂት ነበርና ሲያኝኩ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ሰው ሁሉ እያያቸው ነበር። ከጨረሱ በኋላ ደግሞ ዘገኑ። ሚስታቸው ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው መጡና ጥቂት ፍሬ ወሰዱ። ሌላም ሁለት ሦስት ሰው ተከተለ። ሁሉም አልበላም። ያልበሉት ዛሬም ድረስ ትዝ ይሉኛል።

ክረምቱ ሲገባ የብዙው ሰው ጉድጓድ ተሟጠጠ። ያን ጊዜ ስለ ነጩ ነገር የሚያነሳ አልነበረም፤ በጓሮ በኩል እየመጡ ለመኑኝ፤ ሰጠሁ። አንድም የታመመ አልሰማሁም። ሆኖም ለመብላት መጡ እንጂ አብረውኝ ለመብላት አልመጡም።

የእርሻው ሹም በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ነጩ ነገርም አብሮት ሄደ። የታችኛው ግማሽ በሚቀጥለው ዘመን የሚሰጠውን ሁሉ የሰጠ ይመስል ቢጫ፣ ቀጫጫ ማሽላ አበቀለ። የላይኛው ፍጉ ገና አልለቀቀውም ነበርና ደህና ያዘ። ሽማግሌው አንዲት ጊደር ሰጡኝ፤ እሷ ወልዳ፣ ልጇም ወልዳ፣ ያንን ግማሽ በፍግ ለማዳን ጣሊያን እስኪወጣና ከዚያም በኋላ ዓመታት ወሰደብኝ።

ዘመን አልፎ ያ ነጭ ነገር ማዳበሪያ ተብሎ በየገበሬው ቤት ሲገባ፣ የእህቴ ልጅ ከደብረ ሲና ወርዳ በማዳበሪያ ከበቀለውና በፍግ ከበቀለው የትኛውን እህል ለልጆቿ ብትገዛ እንደሚሻል ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። መሬቱን እኔ አይቼዋለሁ፤ ለመሬቱ ፍግ ይሻለዋል፤ የሰጠሽውን ለነገም ያስቀምጥልሻል። ለሆድ ግን ሁለቱንም አንድ ክረምት ሙሉ በላሁ፤ ልዩነቱን አላገኘሁትም። ማን እንደዘራው የምታውቂውን ግዢ፤ ካላገኘሽም ልጆችሽን አታስርቢ።

"ይሄ መልስ ነው?" አለችኝ።

ሌላ የለኝም አልኳት። እስከ ማታ አብራኝ ዋለችና የመጨረሻው መኪና ሳያመልጣት ወደ ላይ ተመለሰች።